ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! (ለጂአርኢ፣ ማለትም አሜሪካ ለማስተርስ ሲያመለክቱ ለሚወስዱት ፈተና፣ ለምትዘጋጁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች)

ውጤቴ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። እስካሁን ያልጻፍኩት ያስጠኑኝ ጋሼ "ስሜን እንዳታነሺ" ስላሉኝ ነው። ስም አልጠራም። ምስጋናዬን ግን አፍኜ መያዝ አልቻልኩም።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ላይ ነው። የምኖረው ደሴ ከእናቴ ጋር ነው። በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። የሌሊት ተረኛ ስሆን ቤት የምገባው ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ ነው። በዚህ መሀል ነው አሜሪካ በኬሚስትሪ ማስተርስ ለማመልከት የተነሳሁት። ለዝግጅት አራት ወር ነበረኝ። ሦስቱን አንድ ማሰልጠኛ በላብኝ።

ቦታውን አልጠራም። 6 ሺህ ብር ከፈልኩ። ተፋፍገን እንቀመጣለን፣ አስተማሪው በየሳምንቱ ይቀያየራል። የሰጡን ፎቶ ኮፒ ጥራዝ ፈተናው 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው ይላል። ሁለት ድርሰት ተለማመዱ ተባልን። አንደኛው የሌላ ሰው ክርክር የሚተችበት ነው። እሱን ስጽፍ ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ለካ ፈተናው በፈረንጆቹ መስከረም 2023 አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል! ያ ድርሰትም ጭራሽ ቀርቷል፣ አንዱ ብቻ ነው ያለው። ይህን የነገረን ሰው የለም። ስጠይቅም "አንቺ ዝም ብለሽ ቃላቱን ሸምድጂ" ተባልኩ። ሦስት ሺህ ቃል! ከዚያ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የቪዲዮ ትምህርት እሸጣለሁ ያለ ሰው ብሬን ተቀብሎ ብሎክ አደረገኝ። ያን ቀን ነገሩን ልተወው ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ናት "ደሴ አንድ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር አሉ፣ እሳቸው ጋ ሂጂ" ያለችኝ። ልጃቸው ለዚሁ ፈተና ሲዘጋጅ አብረውት እያጠኑ ነው ፈተናውን ያወቁት። አምስት ሳምንት ሲቀረኝ ቤታቸው ሄድኩ።

የመጀመሪያ ቀን መጽሐፍ አልከፈትንም። "የምታመለክቺባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ንገሪኝ" አሉኝ። አምስት ነበሩ። "ፈተናውን የሚጠይቁትስ?" አሉ። አላውቅም ነበር። ስልኬን አስወጥተው አንድ በአንድ አስፈተሹኝ። ሦስቱ አይጠይቁም። ሦስት ወር ከስሬ ይህን አንድም ሰው አልጠየቀኝም! ጋሼም "ሁለቱ የግድ ካልሆኑብሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ" አሉኝ። በልቤ የያዝኩት ከሁለቱ አንዱን ስለነበር ቀጠልን።

በሁለተኛው ቀን የሆነውን ግን መቼም አልረሳውም። 12 የሂሳብ ጥያቄ ሰጡኝ፣ 21 ደቂቃ። ልክ እንደ ፈተናው የመጀመሪያ ክፍል። አጠገቤ ተቀምጠው ምንም አይናገሩም። እርሳስ ይዘው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ የሆነ ነገር ይጽፋሉ። እኔ መልሴን የሚያርሙ መስሎኝ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ አራት ጥያቄ ጭራሽ አላየሁም። ወረቀቱን አዞሩልኝ። በየጥያቄው ቁጥር አጠገብ የፈጀሁትን ደቂቃ ጽፈዋል። አምስተኛው ላይ 5 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ይላል።

"ልጄ፣ ለአንድ ጥያቄ የሚደርስሽ 1 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ነው። ለዚች ብቻ የሦስት ጥያቄ ሰዓት ከፍለሻል። እሷንም ስተሻታል" አሉኝ። ያላየኋቸውን አራቱን ደግሞ ያለ ሰዓት ሥሪያቸው አሉኝ። ሦስቱን አገኘኋቸው። "አየሽ? ሂሳቡን ትችያለሽ። አብሽሪ።"

እንባዬ መጣ። ሦስት ወር ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ሁሉ "ዝለያት" ሆነ። ከከበደች ምልክት አድርጊና እለፊ፣ ክፍሉ ሳያልቅ ተመለሺባት። ለስህተት ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም። ሁለት መጠን አወዳድሪ ሲሉሽ በዜሮ፣ በኔጌቲቭ፣ በክፍልፋይ ሞክሪ። የሚገርመው፣ እኔ ሁልጊዜ 2 እና 3 ብቻ ነበር የምሞክረው። በመጀመሪያው ክፍል ውጤትሽ ልክ ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል ብለውኛል፤ እንዴት እንደሚያሰላው እስካሁን አልገባኝም። የተለማመድነው ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ በነጻ በለቀቃቸው ፈተናዎች ነው። አዎ፣ በነጻ!

አንድ ቀን ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ የባለቤታቸው ጋቢ ላዬ ላይ ነው፣ ቡና እየተቆላ ነው። የዚያን ቀን ክፍያ አልተቀበሉኝም። ቡናውን እየጠጣን በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ ዲግሪዬን በፌስታል ጠቅልዬ በነጠላ ወገቤ ላይ እንዳሰርኩት አጫወትኳቸው። ያኔም ለማመልከት እያሰብኩ ነበር። የመጣብንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና "በይ ዲግሪሽ ከተረፈ እንሥራበት" ብለው ወረቀቱን ዘረጉት።

ፈተናው አዲስ አበባ ነበር። ሂሳቡ ላይ አንዷ ጥያቄ እንደለመደችው ልትይዘኝ ስትል የጋሼ ድምፅ መጣብኝ፤ ዘለልኳት። ተመልሼ ሠራኋት፣ ሰዓትም ተረፈኝ። ሲያልቅ የሂሳብና የቋንቋው ውጤት እዚያው ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ሂሳብ 163፣ ከ170! ጋሼ ቤት ሙሉውን መለማመጃ መጀመሪያ ስሠራ 151 ነበርኩ።

ደወልኩላቸው። ስንት አመጣሽ አላሉኝም። "ሰዓቱ በቃሽ?" ነው ያሉኝ። በቃኝ ስላቸው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እናቴ ደግሞ እዚህ ቤት "እመብርሃን" እያለች እልል ትላለች።

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን እንደኔ አትበትኑ። እሳቸው ጋ ሂዱ! ሥራ ላለው፣ ጊዜ ላጠረው ሰው እንደሳቸው የሚሆን አላየሁም። የሚያስተምሩት ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ነው፣ በአንዴ ከሦስት ሰው በላይ አይቀበሉም። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ፈተናውን ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።