«እኛ እንኳ አናየውም» ብለው ሸጡልኝ

ዛሬ ጠዋት ነው የሆነው፤ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

ትርጉም ቤት አለኝ። ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ... የሰው ገመና በእጄ ያልፋል። ከጂዳም ከዋሽንግተንም በቴሌግራም ይልኩልኛል። ይህን ሁሉ በፍላሽና በስልክ መያዝ ስላስፈራኝ አምና ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ ሲስተም ገዛሁ። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ኮት ለብሰው፣ ላፕቶፕ አንግተው፣ ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩት። በዓመት 38 ሺህ ብር። «ፋይሉ እዚሁ ብሮውዘርዎ ላይ ኢንክሪፕት ሆኖ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተቆልፎ ነው የሚወጣው። ቁልፉ የእርስዎ ፓስወርድ ነው፤ እኛ እንኳ አናየውም» አለኝ፣ ከአድራሻው ጎን ያለችውን የቁልፍ ምልክት በጣቱ እየነካ። ያቺ ምልክት ፋይሉ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ ነው እንጂ እነሱ ጋ ከደረሰ በኋላ ማን እንደሚከፍተው አትናገርም። ያኔ አላወቅኩም።

ዛሬ ረዳቴ ፓስወርዱን ቀይራ ጠፋባት። ደንበኛ ፊቴ ቆሟል። ደወልኩላቸው። ልጁ ማስቲካ እያኘከ ነው የሚያወራኝ።

«ቆይ፣ በኛ በኩል ልግባልሽ» አለኝ። የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል። «እሺ፣ ገባሁ። የትኛውን ነው የፈለግሽው? ይሄ የፍቺ ውሳኔ ነው? ኧረ፣ ልጆቹን ለአባትየው ነው እንዴ የሰጡት!»

ዝም አልኩ። ያቺ ሴት ወረቀቱን ስትሰጠኝ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ «ከአንቺ ሌላ ማንም እንዳያየው» ብላ ለምናኛለች። እኔም ማንም አያየውም ብያታለሁ።

«አናየውም ብላችሁኝ አልነበር?» ስለው፣ «ታዲያ ሳናይ እንዴት እንርዳሽ? ፓስወርድሽን የጣልሽው አንቺ!» አለኝ። ሲሸጡልኝ «እርስዎ» ነበርኩ። ብሬን መልሱ ስል «ውሉ ላይ የለም» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ሞኝነት ነው። ስገዛ ጠይቄው ነበር እኮ! «ፓስወርዱን ብረሳስ?» አልኩት። «አያስቡ፣ በሁለት ደቂቃ እንመልስልዎታለን» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም በዚህ ነው የመረጥኳቸው። ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ከሆነ ምኑን ነው የሚመልሱልኝ? ሁለቱ ቃል አብሮ እንደማይሄድ አንድ ዓመት ሙሉ አልታየኝም።

ከሰዓት ሶፍትዌር የምትማረው የእህቴ ልጅ መጣች። የሲስተሙን ገጽ ከፍታ ኤፍ 12 ነካች፣ ብሮውዘሩ ወደ ውጭ የሚልከውን የሚያሳየውን ኔትወርክ የሚለውን ገባች፣ አንድ የሙከራ ፋይል ጫነች። ከብሮውዘሩ ሲወጣ የጻፍነው ጽሑፍ እንዳለ ይነበባል። ፓስወርዱም እንደዚያው። ብሮውዘሩ ራሱ ፋይል መቆለፊያ እንዳለው፣ ዌብ ክሪፕቶ እንደሚባል፣ በክሮምም በፋየርፎክስም ከዓመታት በፊት ጀምሮ በነፃ እንዳለ ነገረችኝ። በነፃ ያለውን ነገር ሳይነኩ ነው 38 ሺህ የተቀበሉኝ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ነገ ይዤው ቢሯቸው እሄዳለሁ።

እናንተ ክሊኒክ፣ የሒሳብ ቢሮ፣ ትርጉም ቤት ያላችሁ፦ ከመክፈላችሁ በፊት «ፓስወርድ ብረሳ ፋይሌን ትመልሱልኛላችሁ?» በሉ። «አዎ» ካሏችሁ ቁልፉ እነሱ ጋ ነው። በእርግጥ ቁልፉ የእናንተ ብቻ ከሆነ፣ ከጠፋ ጠፋ ነው፤ ስለዚህ ሲስተሙ ፓስወርድ ሲጠፋ መክፈቻ የሚሆን የመመለሻ ኮድ ከሰጣችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ሁለት ቦታ ቆልፉበት። ብሮውዘር ላይ ብቻ አትተዉት፤ ኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ሄዶ የብሮውዘሩ ዳታ ሲጸዳ አብሮ ይሄዳል።

እኔ አሁን ለዚያች ሴት መደወል አለብኝ። ሁለቴ ቁጥሯን አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት።