ለበርበሬ ክሮሞሶም ጥናት የሚያገለግል የፍሎረሰንት ፕሮብ ኪት፦ የአጠቃቀም ግምገማ

የበርበሬ ጂኖም (የዲኤንኤው ሙሉ ስብስብ) ወደ 3.5 ቢሊዮን ቤዝ ጥንዶች የሚጠጋ ሲሆን፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ተደጋጋሚ ዲኤንኤ ስለሆነ፣ እነዚህ ክፍሎች በ12ቱ የክሮሞሶም ጥንዶች ላይ የት እንዳረፉ በዲኤንኤ ቅደም ተከተል ንባብ ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ አዳጋች ነው። የገመገምሁት ኪት ይህን በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚያስችሉ፣ ቀለም አስቀድሞ የተያያዘባቸውን የ5ኤስ እና የ45ኤስ ራይቦሶማል ዲኤንኤ (የራይቦሶም አር ኤን ኤ ጂኖች ተደጋጋሚ ክፍሎች) ፕሮቦች፣ ማለትም ከሚፈለገው ክፍል ጋር የሚጣበቁ የዲኤንኤ ቁራጮች፣ እንዲሁም የአንድ ሬትሮትራንስፖዞን (ራሱን እየቀዳ በጂኖም ውስጥ የሚሰራጭ ዲኤንኤ) ፕሮብ ይዟል።

የ5ኤስ ፕሮብ እጅግ አጥጋቢ ነው፤ በዳፒ (ዲኤንኤን በሚያበራ ቀለም) ሰማያዊ ሆነው ከሚታዩት ክሮሞሶሞች መካከል በአንዱ ጥንድ ላይ ብቻ ጥርት ያሉ ቀይ ነጥቦች ይወጣሉ። የ45ኤስ አረንጓዴ ምልክቶች ግን በቁጥርም በድምቀትም ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያዩ፣ ደብዛዛዎቹን ከጀርባ ብርሃን ለመለየት ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ የኪቱ ትክክለኛ ዋጋ የሚታየውም፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚለሙትን አምስት የበርበሬ ዝርያዎች በዚህ ፕሮብ ጎን ለጎን ሲያወዳድሩበት ነው። የሬትሮትራንስፖዞኑ ፕሮብ በክሮሞሶሞቹ ርዝመት ላይ ተበትኖ ስለሚታይ ስርጭትን እንጂ ቁርጥ ያለ ቦታን አያመለክትም፤ ይህ የፕሮቡ ጉድለት ሳይሆን የሬትሮትራንስፖዞኑ ጠባይ ነው።

ቅሬታዬ በመመሪያው ላይ ነው። ሳይቶፕላዝምን (በሴሉ ውስጥ ከኒውክለሱ ውጭ ያለውን ይዘት) ለሚያስወግደው ኢንዛይም ለፔፕሲን የሰጠው አንድ ወጥ የጊዜ ልክ፣ ክሮሞሶሞቹ ለሚወሰዱበት የሥር ጫፍ ሁሉ አይሠራም፤ ሳይቶፕላዝም ሳይወገድ ከቀረ ፕሮቡ ዒላማው ላይ አይደርስም፣ ጊዜው ከበዛ ደግሞ ክሮሞሶሙ ይጎዳል። ስላይድ አዘገጃጀትን ላልተለማመደ ሰው ኪቱን አልመክርም።