የሚቀለም የውሻ ሥዕል፦ በእጅ ወይስ በኮምፒውተር?

ልጆች የሚቀቡትን የውሻ ሥዕል በማርከር ሥሎ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይቻላል፤ እንደ ኢንክስኬፕ ባለ ነፃ ፕሮግራም መሥራትም ይቻላል።

ለሦስት ዓመት ልጅ እኔ የእጁን እመርጣለሁ። የሰፈራችንን ውሻ አንድ ጆሮው ቆሞ፣ ሌላው ተንጠልጥሎ፣ ጅራቱ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ስሥለው ልጄ ገና ሲያየው ስሙን ይጠራል። መጀመሪያ በእርሳስ እነድፈዋለሁ፣ ቀጥዬ በወፍራም ጥቁር ማርከር እሄድበታለሁ፤ እርሳሱን በላጲስ የማጠፋው ማርከሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው፣ አለዚያ መስመሩ ይጨማለቃል። ኮፒው ሁልጊዜ ከዋናው ወረቀት ይሁን። ከኮፒ ላይ ኮፒ ሲደረግ መስመሩ እየሳሳ፣ ነጠብጣቡ እየበዛ ይሄዳል።

በኮምፒውተር በቬክተር፣ ማለትም መስመሩ በነጠብጣብ ሳይሆን በሒሳብ ስሌት በሚቀመጥበት መንገድ፣ የተሠራው ከኤ4 ወደ ኤ3 ቢያድግም አይደበዝዝም። የመስመሩን ውፍረት ለትንንሾቹ 2 ሚሊ ሜትር፣ ለትልልቆቹ 1 ማድረግ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ለብዙ ልጆች ከሆነ ይሄኛው ይሻላል፤ በፒዲኤፍ አስቀምጦ በቴሌግራም መላክ ነው።

በየትኛውም ቢሠራ፣ ከዓይንና ከአፍንጫ ጫፍ በቀር በጥቁር የተሞላ ቦታ አይኑር፤ የማተሚያውን ቀለም ይጨርሳል፣ ልጁንም የሚቀባው ያሳጣዋል።