በሴቶች እግር ኳስ ለተከላካይ የቱ ይሻላል፦ እንደ እንግሊዛዊቷ የቀኝ መስመር ተከላካይ ሉሲ ብሮንዝ ከክለብ ክለብ መዘዋወር ወይስ እንደ አገሯ ልጅ፣ የመሀል ተከላካይዋ ሊያ ዊሊያምሰን በአንድ ክለብ መቆየት?

ዋንጫ፦ ብሮንዝ በ2017 ከማንቸስተር ሲቲ ወደ ፈረንሳዩ ሊዮን ሄዳ 3 ቻምፒየንስ ሊግ (የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ) አነሳች፤ በባርሴሎና 2 ጨመረች። ዊሊያምሰን ከልጅነቷ ጀምሮ አርሰናል ናት፤ የመጀመሪያውን ያገኘችው በ2025 ባርሴሎናን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ነው።

ቦታ፦ ልዩነቱ የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። የመሀል ተከላካይ ሥራ መግባባት ይፈልጋል፤ ማን ወደ ኳሱ ይውጣ፣ ማን ከኋላ ይሸፍን የሚለው በአንድ ወር አይለመድም። መስመሩ ወደ ፊት ሲወጣ አንዷ አንድ እርምጃ ከዘገየች አጥቂዎችን ከጨዋታ ውጪ የሚያስቀረው የኦፍሳይድ ወጥመድ ይፈርሳል። የቀኝ መስመር ተከላካይ ግን በብዛት የምትለካው አንድ ለአንድ ስለሆነ፣ በየልምምዱ ምርጥ አጥቂዎችን መግጠም ቶሎ ያሳድጋታል።

ስጋት፦ ለሚዘዋወር፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ መቅረት። እንግሊዛዊቷ ተከላካይ አሌክስ ግሪንዉድ በ2019 ሊዮን ገብታ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሳለች። መቆየትም ከጉዳት አያድንም፤ ዊሊያምሰን በ2023 የጉልበት ጅማቷ ተበጥሶ የዓለም ዋንጫው አምልጧታል። ያኔ ግን ሰውነቷን ለዓመታት የሚያውቅ የሕክምና ቡድን መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ቋሚ ተሰላፊ የሆነች፣ ፈጣንና በሊጉ የሚፈትናት ያጣች የመስመር ተከላካይ ትሂድ። ገና ቦታዋን ያላስከበረች ወይም አምበልነት የሚታሰብላት የመሀል ተከላካይ ብትቆይ ይሻላታል።