አክሰስ ፖይንቱ ከ8 ወር በኋላ፦ ብዙው ጥፋት የእኔ፣ ጥቂቱ የእሱ

ይህ አክሰስ ፖይንት (ከራውተሩ በኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ ከተሰቀለ 8 ወር ሞላው። ስሙን አልጠራም፤ የምለው አብዛኛው ነገር ለየትኛውም ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ጽፌ ቢሆን ኖሮ 2 ኮከብ ወርውሬለት እገላገል ነበር። ደግነቱ ሰነፍ ነኝ፣ ሳልጽፍ ቀረሁ። ስቆይ ነው የገባኝ፤ ካማረርኩባቸው ችግሮች አብዛኞቹን የፈጠርኳቸው እኔው ነኝ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ቸኩዬ።

ከካርቶኑ ሳወጣው ጀምሮ ተጣላን። ኬብሉን ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የመግቢያ ገጹን አድራሻ 192.168.0.254 ብራውዘር ላይ ብመታ፣ ወይ ፍንክች። ኬብል ቀየርኩ፣ ሪሴት አደረግኩ፣ ተሳደብኩ። ለካ ኮምፒውተሬ አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ፈጥሮ ቁጭ ብሏል። ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም። መፍትሄው የኮምፒውተሩን አድራሻ በእጅ 192.168.0.10፣ ማስኩን (የትኞቹ አድራሻዎች ጎረቤት እንደሆኑ የሚነግረውን ቁጥር) 255.255.255.0 ማድረግ ብቻ ነበር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ግማሽ ቀኔን በላው። የመግቢያ ገጹን ፓስወርድ ግን ወዲያው ቀየርኩ፣ በዚህስ አልታማም።

ቀጥሎ ለዋይፋዩ ስም ማውጣት መጣ። ቀልድ አማረኝና «ጎረቤት ፓስወርድ አትጠይቀኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከ32 በላይ አይቻልም ብሎ መለሰው። ብቆጥር ብቆጥር ክፍት ቦታውን ጨምሮ 17 ነው! ነገሩ ወዲህ ነው፦ ገደቡ 32 ባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት መለኪያ) ነው እንጂ 32 ፊደል አይደለም። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይይዛል። ስለዚህ በአማርኛ ቢበዛ 10 ፊደል ነው የሚገባው። የእኔ ዓረፍተ ነገር «ጎረቤት ፓስወርድ አ» ላይ ልክ 32 ይሞላል፣ ይህ ደግሞ ምኑም አይገባም። «ጎረቤት» ብቻ ብዬ ተውኩት። ስልኮቹ ሁሉ አሳምረው አነበቡት፣ አሮጌው ፕሪንተሬ ግን የጥያቄ ምልክት ደርድሮ አሳየኝ። በመጨረሻ በላቲን ጻፍኩት፣ እያዘንኩ።

ዋናው ጥፋት ገና ነው። ገጹ ላይ ዲኤችሲፒ ሰርቨር (ለሚገናኘው ሁሉ አድራሻ የሚያድል) የሚል ነገር ጠፍቶ አየሁ። የጠፋ ነገር ሳይ ማብራት ይቀናኛል፣ አበራሁት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቤቱ ተተራመሰ። የአንዱ ስልክ እንደ ጉድ ይሠራል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል። ዋይፋዩን አጥፍቶ ሲያበራው አንዳንዴ ይድናል፣ አንዳንዴ ይብስበታል። እኔም መስመሩን ስረግም ከረምኩ። አንድ ማታ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የዋይፋይ ሴቲንጋቸውን ከፈትኩ። የሚሠራው 192.168.1.104 ይላል። የማይሠራው 192.168.0.101። ተያዘ! ራውተሩም አክሰስ ፖይንቱም አድራሻ ያድላሉ፣ ስልኩ የቀደመለትን ይቀበላል፣ የአክሰስ ፖይንቱን የተቀበለው ደግሞ ወደ ኢንተርኔት መውጫው በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። እንደኔ ባለ ቤት አንድ አዳይ ይበቃል፣ እሱም ራውተሩ ነው። የአክሰስ ፖይንቱን አጠፋሁና ለራሱ 192.168.1.2 የሚል ቋሚ አድራሻ ሰጠሁት። ራውተሬ የሚያድለው ከ100 እስከ 200 ያለውን ስለሆነ አይጋጩም፣ ገጹን በፈለግኩ ጊዜም የኮምፒውተሩን አድራሻ ሳልነካካ እከፍተዋለሁ።

ቻናል (ዋይፋዩ የሚሄድበት የሬዲዮ መስመር) ላይ «አውቶ»፣ ማለትም ራሱ ይምረጥ የሚለውን አምኜ ነበር። በ2.4 ጊጋኸርዝ በኩል ቻናል 3 ላይ ሄዶ ተቀመጠ፣ ስፋቱንም 40 ሜጋኸርዝ አደረገው። እንዲህ ሲሆን በግራም በቀኝም ካሉ ዋይፋዮች ጋር መጋፋት ነው። 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው እርስ በርስ የማይደራረቡት፣ ያውም ስፋቱ 20 ሲሆን። በስልክ አፕ አየሁ፣ 11 ላይ ሰው አነስ ብሎ አገኘሁት፣ እዚያ ተከልኩት።

የ5 ጊጋኸርዙ ደግሞ ወሩን ሙሉ ልቤን አድርቆት ነበር። ደህና ሲሠራ ይቆይና ድንገት ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ይጠፋል፣ ከደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ሞቆት ነው ብዬ ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ ዳሰስኩት! ሎጉን (መሣሪያው የሚይዘውን የክስተት መዝገብ) ሳነብ ግን አውቶው ቻናል 100 ላይ አስቀምጦት ኖሯል። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ራዳርም የሚጠቀምባቸው ናቸው፣ ስለዚህ መሣሪያው ራዳር የሰማ ሲመስለው ለቆ መውጣት አለበት፣ እዚያው ክልል ውስጥ ሌላ ቻናል ላይ ሲገባም ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ ግዴታው ነው። የእኔ ሰው ሕግ አክባሪ ነው ለካ። 36 ላይ አደረግኩት፣ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። ደግሞ የአገር ምርጫው ላይ ያላችሁበትን አገር ብቻ ምረጡ፣ የሚፈቀደው ቻናልና የማሰራጫ ጉልበት የሚወሰነው በእሱ ነው።

ጉልበት ካልኩ አይቀር፣ «ሃይ» ላይ ማድረግ ጥሩ ይመስላል፣ አይደለም። አክሰስ ፖይንቱ በሜጋፎን ይጮሃል፣ ስልኩ በሹክሹክታ ይመልሳል። መኝታ ቤት ውስጥ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ቪዲዮ ጥሪ ሲቆራረጥብኝ የነበረው በዚህ ነው። «ሚዲየም» አድርጌ መሣሪያውን ሁለት ሜትር ወደዚያ ብገፋው ተስተካከለ። ሌላ ነገር አልነካሁም።

ደህንነቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ደብሊውፒኤ (ዋይፋዩን በፓስወርድ የሚቆልፈው ዘዴ) 2 እና 3 ቅልቅሉን መረጥኩ፣ 3 ብቻውን ሲሆን ያ ፕሪንተር አልገናኝም ስላለ። ደብሊውፒኤስ የሚለውን፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን፣ አጠፋሁ። ባለ 8 አሃዙ ፒን ቢበዛ በ11,000 ሙከራ እንደሚገኝ ከታወቀ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ስንት ዓመቱ።

አሁን የእሱ ጥፋት። ሴቲንግ ቀይረህ «አፕላይ» ትላለህ፣ ይሠራል፣ ደስ ይልሃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ወደ ነበረበት! ለካ ጥግ ላይ «ሴቭ» የምትል ሌላ ቁልፍ አለች፣ ያላየ አያያትም። ሁለት ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። ፈርምዌር (መሣሪያውን የሚያሠራውን የውስጥ ሶፍትዌር) ሳድስም ሴቲንጉን ሙልጭ አድርጎ አጠፋው፤ አሁን ከማደሴ በፊት የሴቲንጉን ባክአፕ (ቅጂ) ፋይል አወርዳለሁ። የመሣሪያው ጠቋሚ መብራትም ሌሊት ኮሪደሩን ቦግ ታደርገዋለች፣ በሰዓት እንድትጠፋ ማድረግ አይቻልም። ፕላስተር ለጥፌባታለሁ።

ከዚህ ውጪ ኤሌክትሪኩም ኢንተርኔቱም በአንድ ኬብል መሄዱን ወድጄዋለሁ፣ ኮርኒሱ ላይ ሶኬት ፍለጋ የለም። ዛሬ ገጹን ስከፍት ሳይጠፋ 61 ቀን ሠርቷል ይላል። 5 ኮከብ ልሰጠው ነበር፣ አንዷን የያዝኩባት ያቺ «ሴቭ» ናት።