ከሆስፒታል ለሚወጣ ሕመምተኛ የቤት ለቤት እንክብካቤ ከመዋዋላችሁ በፊት

አባቴ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለ19 ቀናት ተኝተው ታከሙ። በ20ኛው ቀን በጠዋቱ የሐኪሞች ጉብኝት (ራውንድ) ላይ ሐኪሙ መሻሻላቸውንና በዕለቱ ወደ ቤት ሊሄዱ እንደሚችሉ ነገሩን። ደስታችን ሳይረጋ ግን አባታችን በአፍንጫቸው የገባውን የምግብ ቱቦና የሽንት ካቴተሩን (ሽንት የሚያወጣውን ቱቦ) እንደያዙ እንደሚወጡ፣ ከቤታችንም ይህን ማስተናገድ የሚያውቅ አንድም ሰው እንደሌለ ተረዳን። ይህን የምጽፈው በዚያች ግማሽ ቀን በድንጋጤ የፈረምነው ውል ያደረሰብን ጉዳት በሌላ ቤተሰብ ላይ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ነው።

ቤት ድረስ አስታማሚ ከሚልክ አንድ ድርጅት ጋር ያገናኘንን ሰው ያገኘነው ከዋርዱ (ከሕሙማን መኝታ ክፍሉ) በር ላይ ነበር። ነጭ ጋዋን ስለለበሰ የሆስፒታሉ ሠራተኛ መሰለን እንጂ የማን ሰው እንደሆነ አልጠየቅነውም። «የ24 ሰዓት ነርስ» እንደሚመደብልን፣ የወር ክፍያውም 42,000 ብር ሆኖ ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ እንደሚከፈል፣ አምቡላንሱ ሳይነሳ ካልተፈረመ ደግሞ ነርሷ ለሌላ ቤተሰብ እንደምትሰጥ ነገረን። ወጪውን የሸፈነው አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሲሆን፣ እርሱ ውሉን በዓይኑ አላየውም፤ እኛም በእጃችን ይዘነው አላነበብነውም። ገንዘቡ በድርጅቱ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገባ፤ በምትኩ የተሰጠን በእስክሪብቶ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነበር። በሐኪሙ የመውጫ ወረቀት ላይ ስለ ኦክስጅን አንድም ቃል ሳይኖር «ለጥንቃቄ» በሚል የኦክስጅን ማሽን ኪራይም ተጨመረብን። ኦክስጅን እንደ ማንኛውም መድኃኒት ሐኪም መጠኑን ወስኖ የሚያዘው ነገር መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ማታ የመጣችልን ገና ሃያ ዓመት የሞላት የማትመስል ልጅ ነበረች። ትሁትና ታታሪ ናት፤ በእርሷ ላይ ቂም የለኝም። በሦስተኛው ቀን እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ ስታጫውታት፣ ነርስነት እንዳልተማረች፣ ከዚያ በፊት በቤት ሠራተኛነት እንደቆየች፣ እኛ ከከፈልነው ገንዘብም የሚደርሳት ከሩብ ያነሰ እንደሆነ አልሸሸገችም። ቱቦ ያለው ሰው እንዴት እንደሚመገብ ያሳያት ማንም አልነበረም። አባቴን በጀርባቸው እንዳስተኛች ትመግባቸው ነበር፤ ሊደረግ የሚገባው ግን ቱቦው ከቦታው አለመነቃነቁን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ የአልጋውን ራስጌ ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ማድረግና ከምግብ በኋላም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እንደዚያው ማቆየት ነው። ሽንት የሚጠራቀምበትን ከረጢት ከሽንት ፊኛቸው ዝቅ አድርጋ መስቀል ሲገባት ፍራሹ ላይ ታስቀምጠው ነበር። በራሱ መገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑ መቀየር እንዳለበት የነገራት ስለሌለ፣ ሌሊቱን ሙሉ አባቴ በአንድ ጎን ያድሩ ነበር።

በ5ኛው ቀን ትኩሳትና ኃይለኛ ሳል ጀመራቸው። ወደ ድንገተኛ ክፍል ስንመልሳቸው ምግብ ወደ ሳንባቸው ገብቶ የሳንባ ምች እንዳስከተለባቸው ተነገረን። ነርሶቹ ልብሳቸውን ሲቀይሩ ደግሞ ከጭራ አጥንታቸው በላይ ቆዳው ተልጦ፣ የመኝታ ቁስል መጀመሩን አሳዩን። ያን ቁስል ያየሁበት ቅጽበት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ድርጅቱን ስንጠይቅ ውሉን እንድናነብ ነገሩን፤ አነበብነውም። በቃል «የ24 ሰዓት ነርስ» የተባለው በጽሑፍ ግን «የ24 ሰዓት አስታማሚ፣ በጤና ባለሙያ ክትትል» የሚል ነበር። ክትትል የሚለው ቃል በእነርሱ አተረጓጎም በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደረግ የስልክ ጥሪ ነው። ከሥር ደግሞ ሕመምተኛው ተመልሶ ሆስፒታል ቢገባም የተከፈለው ገንዘብ እንደማይመለስ ተጽፏል። የንግድ ፈቃዳቸውን ቅጂ አጥብቀን ስንጠይቅ የታየው የሥራ ዘርፍ ሥራና ሠራተኛ ማገናኘት እንጂ የጤና አገልግሎት አልነበረም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ፤ የንግድ ፈቃድ አንድ ነገር ነው፣ የጤና አገልግሎት ለመስጠት የሚያስፈልገው የብቃት ማረጋገጫ ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛውን የሚሰጠው የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ነርሷ በግሏ ሊኖራት የሚገባው የሙያ ፈቃድ ከሁለቱም ይለያል። ሦስቱንም ወረቀት ለማየት መጠየቅ ሰውን አለማመን አይደለም።

አቤቱታችንን ይዘን የሄድንበት የንግድ ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ የጠየቀን ሕጋዊ ደረሰኝ ነበር፤ እርሱም የለንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በግብይቱ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ በግለሰብ ሒሳብ ገንዘብ ያስገባ ሰው ከማን ጋር እንደተገበያየ ለማስረዳት እንኳ ይቸገራል፤ እኛም እስካሁን እየተመላለስን ነው።

አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ ሲተኙ አንዲት ነርስ ወደ ላይዘን ክፍል እንድንሄድ መከረችን። የመጀመሪያውን 19 ቀን በሙሉ በዚያ በር ፊት ስናልፍ፣ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ስለሚያስፈልገው ነገር ከቤተሰብ ጋር መነጋገር የዚያ ክፍል ሥራ መሆኑን አናውቅም ነበር። ይህ ንግግር መውጫው ቀን እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፤ ሐኪሙ ስለ መሻሻል ማውራት በጀመረበት ቀን ሊነሳ ይገባዋል። በዚህኛው ጊዜ እኔና እህቴ በዋርዱ ነርስ ፊት አባታችንን በገዛ እጃችን መገብን፣ ከረጢቱን ባዶ አደረግን፣ አገላበጥናቸው፤ ስንሳሳት አረመችን፣ ደግመንም ሠራነው። ሰው ብትቀጥሩም ይህን ትምህርት አትተዉት፤ የተቀጠረው ሰው ሥራውን ማወቅ አለማወቁን መለየት የምትችሉት እናንተ ካወቃችሁት ብቻ ነው። የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ ቱቦውና ካቴተሩ የሚቀየሩበትን ቀን፣ የቀጠሮውን ቀንና የትኛው ምልክት ሲታይ በአስቸኳይ መመለስ እንዳለበት የሚገልጸውን የመውጫ ማጠቃለያም በእጃችሁ ሳትይዙ ከዋርዱ አትውጡ። አካባቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ድረስ ሊልክላችሁ ይችል እንደሆነም ጠይቁ፤ እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን ነበር፤ ስንጠይቅ ግን መጥታ ቁስሉን አይታልናለች።

ከድርጅት ጋር መዋዋል ግድ ከሆነባችሁ የሚመጣው ሰው ስምና የሙያ ደረጃ፣ የሚያከናውነው ተግባር በዝርዝር፣ ሲቀር የሚተካው ማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ። ክፍያውን በየሳምንቱ አድርጉት፤ በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ አስገቡ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ከውጭ አገር ገንዘብ የምትልኩ ወገኖች ደግሞ የውሉ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ሳይደርሳችሁና ሳታነቡት አትላኩ።

አባቴ አሁን ቤት ናቸው። ቁስላቸው ደርቋል፤ ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት የምትመጣ ፈቃድ ያላት ነርስ አለችን፤ የቀረውን ሰዓት እኔና እህቴ ተከፋፍለነዋል። «አስታማሚ፣ በጤና ባለሙያ ክትትል» የሚል ወረቀት በዋርድ በር ላይ የቀረበላችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ክትትል ማለት በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በማን፣ በአካል ወይስ በስልክ እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ በጽሑፍ አስሞሉ።