ማርሽ የሌላት ብስክሌት ለድሬዳዋ መንገድ

ከሳቢያን ከዚራ በየቀኑ በባጃጅ መመላለስ ኪሴንም ትዕግሥቴንም ስለፈተነው ብስክሌት ለመግዛት ወሰንኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምርጫ ከቀረቡልኝ ሦስት ብስክሌቶች ርካሿን ገዝቼ ስምንት ወር ከነዳሁ በኋላ የደረስኩበትን ነው። የገዛኋት ከፊት አንድ ባለ 44 ጥርስ፣ ከኋላ አንድ ባለ 18 ጥርስ የሰንሰለት መዘውር ብቻ ያላት፣ ማርሽ የሌላት ባለ 26 ኢንች የቻይና ብስክሌት ናት። ከጎኗ የቆመችው ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት በዋጋ ብዙም ስለማትርቅ ሻጩ «ትንሽ ጨምርና ማርሽ ያላትን ውሰድ» ብሎ ሲወተውተኝ ለጥቂት ተሸንፌ ነበር። ሆኖም የሁለቱን የፍሬን እጀታ ጨበጥ ጨበጥ አድርጌ ሳነጻጽር የማርሿ ፕላስቲክ፣ የዚህችኛዋ ብረት ሆኖ አገኘሁት። ርካሽ ብስክሌት ላይ ማርሽ ሲጨመር ገንዘቡ የሚቀነሰው ከፍሬኑ፣ ከቸርኬውና ከኩሽኔታው መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋች፣ ከደቡቡ ተራራ ግርጌ ወደ ሰሜን በዝግታ የምታዘቀዝቅ ከተማ በመሆኗ አንድ የኋላ መዘውር ለአብዛኛው መንገዷ ይበቃል። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ 44 ለ18 ሲካፈል 2.44 ስለሚሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኔዋ ብስክሌት አምስት ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ለሚያዞር ሰው ይህ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በዚያው ሱቅ ያየኋት ሦስተኛዋ 48 ለ16 ስለነበረች ስትፈጥን ደስ ትላለች፤ ነገር ግን ባጃጅ ድንገት ፊትዎ ቆሞ ከዜሮ መነሣት ሲኖርብዎት ጉልበትን ትፈታተናለች። ከቀፊራ ገበያ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ጭኖ ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ለሚሻገር ሰው እንዲያውም የኋላው ጥርስ 20 ቢሆን የተሻለ ይመስለኛል። ሐረር ያለው የሚስቴ ወንድም እንደኔዋ ያለችውን እንድገዛለት ጠይቆኝ ነበር፤ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለች፣ የጀጎል መንገዶቿ በሚወጡና በሚወርዱባት ከተማ ግማሹን ጊዜ እየገፋ ይሄድ ስለነበር እምቢ አልኩት።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ጎማ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የግራር እሾህ የኋላውን ጎማ በስቶ ጎኑንም ስለቀደደው ከአንድ ሱቅ «ባለ 26» ብዬ አዲስ ገዛሁ። በከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራው ጎሚስታ ጎማውን በቸርኬው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ከታገለ በኋላ ላቡን ጠርጎ፣ በድሬ ወግ አንቱታን ወዲያ ትቶ፣ «አቦ፣ ይኼ የሌላ ነው፤ ማን ሸጠልህ?» አለኝ። ጎኑን ስናነብ የድሮው ላይ 37-590፣ የአዲሱ ላይ 50-559 ተጽፏል። ሁለቱም በሱቅ ቋንቋ «26» ይባላሉ፤ ሁለተኛው ቁጥር ግን ጎማው የሚቀመጥበትን የቸርኬ ክብ ዲያሜትር፣ ማለትም መሃሉን አቋርጦ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርቀት፣ በሚሊ ሜትር የሚናገር በመሆኑ በ31 ሚሊ ሜትር የሚለያዩ ጎማዎች በምንም ትግል አይተካኩም። ሱቁም «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» ስላለኝ ጎማው ዛሬም ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በአሮጌዎቹ ባለ 28 ብስክሌቶችም ላይ 635 ከ622 ጋር እንዲሁ ይምታታል። ስለዚህ ማንም ሰው ከመግዛቱ በፊት ያንን ቁጥር ጽፎ ይዞ ሰፈሩ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ይሂድና የትኛው እንደልብ እንደሚገኝ ይጠይቅ፤ እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ምናልባት 559 የምትሆነዋን እመርጥ ነበር።

ሌላው ጥፋት የሱቁ ልጅ ነው። ብስክሌቷን ሲገጣጥም የግራውን ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ እያዞረ በመፍቻ አስጨነቀው፤ የግራ ፔዳል ግን በሚነዱበት ጊዜ እንዳይላላ ሲባል የሚጠብቀው በተቃራኒው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው። የብሎኑ ጥርስ በመበላቱ ከአምስት ቀን በኋላ ፔዳሉ መንገድ ላይ ወልቆ ቀረ፤ የፔዳሉን ክንድም መለወጥ ግድ ሆነብኝ። አዲስ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሲገጠም አጠገቡ ቢቆም አይከፋም።

ፍሬኑን በተመለከተ ቸርኬው አሉሚኒየም መሆኑን ሳያጣሩ መግዛት አይገባም፤ ብረት ቸርኬ በዝናብ ሲርስ ፍሬኑ እጅግ ይደክማል። ማጣሪያው ማግኔት ነው፤ ከተጣበቀ ብረት ነው፣ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ነው። የኔዋ የፊቱ አሉሚኒየም፣ የኋላው ብረት ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ ቢያስቀኝም ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ስለሆነ ተቀበልኩት።

ሰንሰለቱ ግን እስካሁን አላሳፈረኝም። ማርሽ ለሌላት ብስክሌት የሚሠራው ሰንሰለት ሰፋ ያለ ከመሆኑም በላይ ከጥርስ ወደ ጥርስ ስለማይዘል አቧራውን ይችላል። በየሁለት ሳምንቱ በጨርቅ ጠርጌ ጥቂት ዘይት እቀባዋለሁ፤ ሲላላም የኋላውን ጎማ ሁለት ዳዶዎች ፈትቼ፣ ሰንሰለቱ መሃል ላይ በጣት ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪወዛወዝ ድረስ ወደ ኋላ ስቤ አጠብቀዋለሁ። መፍቻ ካለ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የማርሿን ብስክሌት የገዛው የሥራ ባልደረባዬ በበኩሉ ማርሽ ለዋጩ ታጥፎበት ሁለት ጊዜ ካሳደሰ በኋላ በአንዱ ጥርስ ብቻ እየነዳ ነው።

መቀመጫዋ ግን መጥፎ ነው። በግንቦት ሙቀት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ድሬ የኖረ ያውቀዋል፤ እኔም የአሮጌ ሱሪ ጨርቅ አልብሼው ነው የምነዳው። የቀረኝ የኋላው ቸርኬ ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ሳይመጣ በአሉሚኒየም ለማስቀየር 590 የሚለውን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ።